ከስንዝር ያነሰ ካራ

ደረጄ የእህቱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ ማስተዋል መጀመሪያ ያየችው ካራውን ሳይሆን አካሄዱን ነበር። አፎቱን ጭኑ ላይ በሁለት ጠፍር ጠርንፎት ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል፤ እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው። ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀምሮ ሰው ሁሉ ዞር እያለ አይቶታል። እሱ ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ ያደነቁት መስሎታል።

«እስቲ እይልኝ እታለም» አለና መዘዘው።

ክንድ ያህላል። ጀርባው የመጋዝ ጥርስ አለው፤ እጀታው ጫፍ ላይ ኮምፓስ ተተክሎበታል። ጉና ሥር ተወልዶ ጉና ሥር ያደገ ሰው፣ ተራራው በየት በኩል እንዳለ የሚነግረው ኮምፓስ አስፈለገው እንግዲህ። ደረጄ የባሕር ዳር ወጣቶችን እየሰበሰበ ጉና ላይ የሚያወጣ፣ በየሳምንቱም ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ የሚለጥፍ አስጎብኚ ነኝ ባይ ነው። ካራው ለዚሁ መሆኑ ነው።

ማስተዋል ዘጠኝ ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ናት። ዘጠኙንም ዓመት ያሳለፈችው ማድ ቤት ውስጥ ነው፤ በግ ስትበልት፣ አጥንት ከሥጋ ስትለይ። አሁን ደብረ ታቦር ላይ ድስት፣ ሰሐንና ቢላዋ ትሸጣለች፤ በዚህ ሥራዋም የሰውን ልጅ ንቃ ጨርሳለች። ገበሬው ይመጣል፣ ረጅሙን ያነሳል። መምህሩ ይመጣል፣ ረጅሙን ያነሳል። «ምን ልትሠራበት ነው?» ስትለው «እንዲያው ይኑር» ይላታል። ሰው እንዲያው ይኑር ብሎ ስለት ይገዛል?

«እጅህን ዘርጋ» አለችው ወንድሟን።

ዘረጋ።

«ይሄ ጋት ነው» አራት ጣቶቹን ገጥማ አሳየችው። «ይሄ ደግሞ ስንዝር። የዱር ካራ ስለቱ ከጋት ይበልጣል፣ ከስንዝር ያንሳል። የማይታጠፍ፣ ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ ጫፉ የዘለቀ። እንጨት ይልጣል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ሥጋ ይበልታል። ያንተ ለመፍለጥ መጥረቢያ አይደለም፣ ለመላጥ ቢላዋ አይደለም። ምኑም አይደለም።»

ከቦርሳዋ የራሷን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አኖረችለት። ከኩዌት ያመጣችው ነው፤ ስለቱ በመሞረድ ብዛት ሳስቶ ከስንዝር በሁለት ጣት አጥሯል።

ደረጄ ሳቀ። «ይቺማ የሽንኩርት ናት።»

ለእንዲህ ያለው ሰው መልስ መስጠት ትንፋሽ መጨረስ ነው ብላ ካራዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች።

በዚህ ዓለም ማስተዋል የማትንቀው አንድ ሰው ቢኖር አባቷ ነበሩ። አቶ ይሻው እናቷ ከሞተች ወዲህ ጉና ወገብ ላይ ብቻቸውን ገብስና ድንች እያረሱ ይኖራሉ። አምና ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ ሞተባቸው። በአንድ በሬ አይታረስ፤ ስለዚህ መሬቱን ለጎረቤታቸው ለፈንታሁን በእኩል ሊሰጡ ተስማምተው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ የራሳቸውን መሬት በራሳቸው እጅ ያረሱ ሰው፣ ሌላው ሲያርሰው ድንበር ላይ ቁጭ ብለው ሊያዩ ማለት ነው። ማስተዋል ይህን ስትሰማ አንጀቷ አረረ። ካጠራቀመችው የቀራትን ይዛ ገበያ ወጣችና ዳልቻ የሚባለውን በሬ ገዝታ ሰጠቻቸው። አባቷ የዚያን ቀን የበሬውን ሻኛ ሲያሻሹ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

በጥቅምት ወር በአንዱ እሑድ፣ ማስተዋል አባቷን ልትጠይቅ ስትወጣ ደረጄ ተከተላት። አባታቸው ሰንበቴ ሄደው ስለነበር ቤት አልተገኙም። በሬዎቹ ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ ካለው ግጦሽ ላይ ነበሩ። እሷ ዳልቻን ልታየው ወጣች፤ እሱ ቪዲዮ ሊቀርጽ ወጣ።

«ይቺን ጅብራ ስቆርጥ ቅረጪኝ» አላት ስልኩን እያቀበላት። ጅብራ የደጋ ተክል ናት፤ ይህቺኛዋ ቁመቷ ሁለት ሰው ታህላለች።

«ምን አደረገችህ?»

«ካራዬን ላሳይ ነዋ።»

«ራስህን ቅረጽ» አለችውና ስልኩን ድንጋይ ላይ ወርውራለት ሄደች።

አንድ ጊዜ መታት። ሁለት ጊዜ መታት። ካራው ረጅም ብቻ ነው እንጂ ክብደቱ የት እንዳለ ሠሪውም አያውቀው፤ እየተንሸራተተ ድንጋይ ይመታል። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ጅብራዋ ተንቋቋችና እሱ ትወድቃለች ባለበት ሳይሆን ዳልቻ በሚግጥበት በኩል ወደቀች። በሬው ደንብሮ ዘለለ። ከኋላው መሬት አልነበረም።

ማስተዋል አፋፉ ላይ ደርሳ ቁልቁል አየች። ገደሉ ብዙ አይደለም፤ ሦስት የሰው ቁመት ቢሆን ነው። ግን ዳልቻ ከታች ሁለት ቋጥኝ መሃል በጎኑ ተሰንቅሮ ነበር። የኋላ እግሩ ተሰብሮ በቆዳው ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ሲተነፍስ ከአፍንጫው ደም ይወጣል።

እንግዲህ የጉና ሰው በሬው ገደል ሲገባ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ የጅብ ሲሳይ ይሆናል፣ አለቀ። ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደ ግን ጎረቤቱ ሥጋውን በቅርጫ ይካፈለዋል፤ እህል ሲገባ እያንዳንዱ የድርሻውን ዋጋ ያመጣል፤ ባለቤቱም ሌላ በሬ ይገዛል። በዚያ ሰዓት የአባቷ መሬት የተንጠለጠለው በዳልቻ ትንፋሽ ላይ ነበር።

«ውረድ!» አለችው። «ውረድና እረደው።»

ደረጄ ወረደ፤ ይህ አይካድም። ወረደና ክንድ የሚያህለውን መዘዘ። ግን በበሬው አንገትና በቋጥኙ መሃል ያለው ክፍተት ከስንዝር አይበልጥም። ጫፉን ቢያስገባ ድንጋይ ይገፋዋል፤ ወደ ኋላ ሊስብ ቢል ክርኑ ከሌላው ቋጥኝ ጋር ይጋጫል። ስለቱ ደግሞ ጅብራና ድንጋይ ሲቀጠቅጥ ውሎ ደንዟል። ጸጉሩን ነጨለት፣ ቆዳውን ጫረለት፤ ሌላ ምንም አላደረገለት።

ማስተዋል ወርዳ የራሷን ካራ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ያዛት። ያን ጊዜ ዳልቻ ዓይኑን ገልጦ አየው። ደረጄ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ያቺ የሽንኩርት ያላት ካራ ከእጁ ወደቀች።

«ሰው ልጥራ» አለ።

«እስከዚያ ይሞታል።»

«ሰው ልጥራ እታለም» አለና ቋጥኙን ቧጥጦ ወጣ።

እሷ ከበሬው ጋር ብቻዋን ቀረች። በዚያ አገር ሴት አታርድም። ሴት ያረደችውን ማንም አይቀምስም፤ ለምን ብትሉት የሚመልስላችሁ የለም፣ አይቀምስም ብቻ። ማስተዋል ይህን ከጡት ጋር የጠባችው ነው። ፈራች። በሬውን አይደለም፣ ደምም አይደለም የፈራችው፤ ዘጠኝ ዓመት ደም ስታጥብ ነው የኖረችው። የፈራችው እጇን ነው። ከዚያ የዳልቻ ትንፋሽ አንድ ጊዜ ቆመና እንደገና ቀጠለ። ካራዋን አነሳች፣ ከአገጩ ሥር በጣቷ ዳብሳ ደም ሥሩን አገኘች፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለችና ሳበች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳበችው። ደሙ ሞቆ እስከ ክርኗ መጣ።

ቀና ስትል ደረጄ አፋፉ ላይ ተቀምጧል። ለካ ሰው ሊጠራም አልሄደ።

«ሞተ?» አላት።

«ታረደ።»

«ማን አረደው?»

«አንተ።»

አልገባውም። መቼስ ገብቶት ያውቃል።

«አንተ ነህ ያረድከው» አለችው ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «በዚያ በጦርህ። ውረድና ደም አስነካው፤ እጅህንም ቀባ። ከዚያ ሰው ትጠራለህ።»

«ኃጢአት አይሆንም?»

«ይሁን። የእኔ ነው። አንተ ብቻ ውረድ።»

ወረደ። ካራውን ግራና ቀኝ፣ ከጫፉ እስከ ኮምፓሱ ለቀለቀው። እሷ ከሥር ካለችው ምንጭ እጇንና ካራዋን አጠበች፤ ውሃው ጣት ይቆርጥ ነበር።

ደረጄ ከፈንታሁንና ከሰባት ጎረምሶች ጋር ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው። መንገድ ላይ ነገሩን አሳምሮታል። ዘልሎ ገባ፣ ቀንዱን ያዘ፣ በሬው ሊወጋው ነበር፣ አንድ ጊዜ አሳረፈበት። ዓይኑን በጨው ታጥቦ ይህን ሁሉ ሲያወራ ማስተዋል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ትሰማዋለች። ወንዶቹ ካራውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ይመዝኑታል።

«ካራ ማለት እንዲህ ነው እንጂ» አለ ፈንታሁን። ወደ እሷ ዞረና «ማስቱ፣ እንዲህ ያለ ሱቅሽ ውስጥ የለም?» አላት።

«አስመጣልሃለሁ» አለችው። ደግሞም ታስመጣለታለች፤ ከዚህ የሚረዝም ካለም እሱን ታስመጣለታለች።

ሲገፍፉና ሲበልቱ አቶ ይሻው ከሰንበቴ ደረሱ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ወረዱና የዳልቻን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ይዘው የታረደበትን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት። በዕድሜያቸው ስንት ሰንጋ የጣሉ ሰው ናቸው።

«በየት በኩል ቆመህ ነው ያረድከው?» አሉት ልጃቸውን።

«በቀኙ በኩል አባባ» አለ ደረጄ ደረቱን ነፍቶ።

በሬው በወደቀበት በቀኙ በኩል ያለው ቋጥኝ ነው። ሰው አይቆምበትም፤ ድመትም አትቆምበት። አቶ ይሻው ቋጥኙን አዩት። ደም የተለቀለቀውን ካራ አዩት። ከዚያ ማስተዋልን አዩ፤ የሹራቧ እጅጌ እስከ ክርኗ ርሶ ነበር።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ከበክት አዳንከው።»

የማስተዋል ልብ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አውቀዋል፤ አውቀውም ሸፍነውላታል። ከዚያ ሁሉ ወንድ መሃል አንድ ሰው አላት ማለት ነው። ሥጋው በመደብ በመደብ ተደልድሎ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ድርሻውን በቅጠል ጠቅልሎ ሲያነሳ እሷ ደስ ብሏት ታይ ነበር። ፈንታሁን ሁለት መደብ ወሰደ። በሬው ይገዛል፤ መሬቱን አባቷ ራሳቸው ያርሱታል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አቶ ይሻው ቤት ተገባ። ማስተዋል የመጀመሪያውን ጥብስ ሠርታ አቀረበች። አባቷ ባረኩ። ለደረጄ አጎረሱት፣ ለፈንታሁን አጎረሱት፤ ወንዶቹ እጃቸውን ሰደዱ። የእሳቸውን ድርሻ ለብቻው በሰሐን አድርጋ ከፊታቸው አኖረችላቸው፤ ከሽንጡ ነው፣ መርጣ ነው ያወጣችው።

አልነኩትም።

«አንቱም ይብሉ እንጂ» አላቸው ፈንታሁን አፉን ሞልቶ።

«ጥርሴን እያመመኝ ነው» አሉ።

ማስተዋል ቆማ ሰማችው። ጠዋት ገበታው ሥር የተጠበሰ ባቄላ ሰፌድ ሙሉ አይታለች፤ አባቷ ሰንበቴ ሲሄዱ ከእሱ እየቆረጠሙ ነው የሚሄዱት። ሁሉም በላ፤ በልቶ አመሰገነ፤ ደረጄማ እጁን እየላሰ ነው። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበው እሳቱን ያያሉ።

«ላንሳው አባባ?» አለቻቸው።

«አንሺው ልጄ» አሏት። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ግን ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሰሐኑን ይዛ ማድ ቤት ገባችና በሩን ዘጋችው። ለፈንታሁን ንቀት መጥቶላታል፣ ለደረጄ መጥቶላታል፣ ለዚያ አገር ወንድ ሁሉ መጥቶላታል። ለአባቷም እንዲመጣላት ፈለገች። በጣም ፈለገች፤ አልመጣላትም። የመጣላት እንባ ብቻ ነው። የእሳቸውን ድርሻ እዚያው ቆማ፣ በእጇ እያነሳች ትበላው ጀመር። አንዲት አላስቀረችም። ጥሩ ሥጋ ነበር።