ጳጉሜን የማያውቅ ኮምፒውተር

የኮምፒውተሬን ቀንና ሰዓት የምሞላው እኔ ራሴ ነኝ። ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ መብራት በጠፋ ወይም ማታ ከሶኬት በነቀልኩት ቁጥር ቀኑን ይረሳና የማላውቀው ዘመን ውስጥ ገብቶ ይቆየኛል። ሜክሲኮ ያለው ጠጋኙ ደገፋ «ጋሼ፣ በአምስት ደቂቃ ልቀይርልዎት» ብሎ ስንቴ ለምኖኛል። እምቢ አልኩት። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ወንበሬን ወልውዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍባትን ያችን ጥቁር መስኮት ከፍቼ፣ እሱ እንዳሳየኝ «ዴት» የምትለዋን ቃል በፈረንጅ ፊደል እጽፋለሁ። ከዚያ ወሩን፣ ቀኑን፣ ዓመቱን አስከትዬ ኤንተርን ስመታ ደስ ይለኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ስታዘዝ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ደግሞ እኔ ልዘዝ እንጂ!

የምሞላው ታዲያ በእኛው አቆጣጠር ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሆነ ሦስት ሰዓት፣ ዓመቱ 2017 ከሆነ 2017። ሱቄ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ናት፤ የምጽፈውም ማመልከቻና የዕድር ደብዳቤ ነው። ቀኑን ደብዳቤው ላይ የሚያስገባው ኮምፒውተሩ ስለሆነ፣ ፈረንጅ የማያነበውን ደብዳቤ በፈረንጅ ቀን ምን አስጻፈኝ? ደገፋ «ኧረ እንዲህ አይደረግም» ቢለኝ አልሰማሁትም።

እርግጥ ነው፣ አንዳንዴ ያምፅብኛል። ጥቅምት 29 እና 30ን አይቀበልም፤ ሁለተኛው ወር ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው ብሎ ይሟገተኛል። አሥራ ሦስተኛ ወር ብዬ ጳጉሜን ስጽፍለትማ ጭራሽ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል። ለእሱም መላ አላጣሁም። ጳጉሜ ሲገባ በየጠዋቱ ነሐሴ 30 እያልኩ መስከረም እስኪጠባ ባለበት አቆመዋለሁ፤ የጳጉሜ ደብዳቤ ከመጣ ቀኑን በእስክሪብቶ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት አስገባሁና ሰላሜን አጣሁ። አንድም ገጽ አልከፍት አለኝ። መስመሩን የዘረጋልኝ አብዱልሃሚድ የሚባል ሰው ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አየው። በራሱ ላፕቶፕ ይሠራል፣ በእኔው ግን አይሠራም። «ችግሩ ከእርስዎ ኮምፒውተር ነው አባቴ» ሲለኝ ደሜ ፈላ። የማይባል ነገር ብዬ አባረርኩት።

ጳጉሜ 3 ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሙሉመቤት እየሮጠች ገባች። ሙሉመቤት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። እህት ወንድሞቿን ስታስተምር፣ ከዚያ የራሷን ልጆች ስታስተምር እሷ በዲፕሎማዋ ቀረች። አሁን ለመምህራን የተከፈተ የዲግሪ ትምህርት ዕድል አግኝታለች፤ ማመልከቻው በኮምፒውተር ብቻ ይሞላል። ሰነዶቿን ይዛ ሰንጋ ተራ አንድ ሱቅ ተቀምጣ ሳለ መብራት ጠፋባት።

«ጋሽ ፍሰሐ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል» አለችኝ እያለከለከች። «ከአርባ አምስት ዓመት በላይ አይቀበሉም። በሚቀጥለው ዓመት አርባ ስድስቴን እደፍናለሁ።»

«ኢንተርኔቱ እኮ አይሠራም የኔ ልጅ። ያ ሰውዬ አበላሽቶብኝ ሄደ።»

«እስቲ አንዴ ልየው።»

ከፈትኩላት። ሳምንቱን ሙሉ እያየሁ የምዘጋው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ። እሷ ግን አነበበችው።

«ጋሽዬ፣ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል ነው የሚለው።»

«የኔ ሰዓት?» የእጅ ሰዓቴን አየሁ፤ የኮምፒውተሩን አየሁ። ደቂቃ እንኳ አይለያዩም። «ውሸቱን ነው!»

«ቀኑስ ስንት ይላል?»

«ነሐሴ 30፣ 2017።»

«ዛሬ ጳጉሜ 3 አይደል እንዴ?»

«ጳጉሜን አያውቅማ!»

ከኮምፒውተሩ ወደ እኔ ዞረች። አልሳቀችም፤ ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናታለሁ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልጅ እንደሚያስረዱት፣ ዓለም ላይ ያሉት ገጾች ሁሉ በፈረንጅ ቀን እንደሚሠሩና ኮምፒውተሬ ለእነሱ የስምንት ዓመት አሮጌ ዘመን ላይ ቆሞ እንደሚታያቸው ነገረችኝ። «በፈረንጁ ቢሞሉትስ? ለዛሬ ብቻ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔም ልውጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳምንት ሙሉ አብዱልሃሚድን ስሰድብ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶኛል። ደገፋም ሦስት ዓመት ሙሉ ነግሮኛል። አሁን ሁለቱም ልክ ነበሩ ልል ነው? «ቆይ፣ መስመሩን ልየው» ብዬ ጎንበስ አልኩና ምንም ያልሆነውን ገመድ ነካካሁ። ቀና ስል ሙሉመቤት የሰነዶቿን ፕላስቲክ በሁለት እጇ ጨምቃ ይዛ፣ የእጄን ሰዓት እያየች ነው። አሥር ሰዓት ተኩል ሊል ነው። አፈርኩ።

ጥቁሯን መስኮት ከፈትኩ። «በይ ንገሪኝ፣ በእነሱ ዛሬ ስንት ነው?»

«ሴፕቴምበር 8፣ 2025።»

ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ጣቴ ከበደኝ፤ ግን ኤንተርን መታሁ። ለሰዓቱም ስድስት ደምሬ አሥራ ስድስት ሰዓት ተኩል አልኩት። ኮምፒውተሩ አንዲት ቃል አልመለሰም። ገጹን እንደገና ስንጠራው እንደ አበባ ፍክት ብሎ ተከፈተ። ሙሉመቤት እልል ልትል አፏን በእጇ ያዘች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኔ ሙያ ነው። እሷ ስታነብልኝ እኔ ጻፍኩ፤ ዲፕሎማዋን፣ የሥራ ልምዷን፣ መታወቂያዋን አንድ በአንድ ስካን አደረግሁ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል፣ ጣቴ ግን አልደከመም። የትውልድ ዘመኗን ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆንብን። በመካከሉ ለራሴ ቃል ገባሁ፦ ነገ አብዱልሃሚድ ጋ ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለደገፋ የምለውን ግን ገና አላሰብኩትም።

ለአሥራ አንድ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው «ላክ» የሚለውን ራሷ እንድትነካው ማውሱን ሰጠኋት። ነካችው። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ። ከዚያ መልስ መጣ፤ ሳትጠይቀኝ ፕሪንት አደረግሁላት።

ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበችው። ተቀመጠችና ደግማ አነበበችው። ቀጥላ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፣ ጣቷን ከመጀመሪያው ቃል ሥር አደረገችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃል በቃል፣ «ሙሉመቤት... ማመልከቻዎ... ደርሶናል» አለች። ቀና ብላም አየችኝ፤ ክፍል ውስጥ የማንበብ ተራው የደረሰውን ተማሪ እንደምታይ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጣቷን እየተከተልኩ፣ ከእሷ ኋላ አነበብኩ።