የፈይሳ ሜሞሪ

ቅዳሜ ጠዋት ሐረግወይን እንደ ልማዷ ተነስታ ግቢዋን ጠረገች፣ የተማሪዎቿን የኬሚስትሪ ፈተና አርማ ጨረሰች፣ ዳቦ በሻይ በላች። ከዚያ የባሏን ሜሞሪ ካርድ በመሀረብ ጠቅልላ ከጨለለቂ ወደ መሃል ነቀምቴ ወረደች።

ባሏ ፈይሳ የግብርና ባለሙያ ነበር። ገጠር ሲዞር የተነገረውን እንዳይረሳ ስልኩ ጥሪዎቹን ሁሉ እንዲቀዳ አድርጎት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ስልኩ ተበላሽቶ ካርዱ ብቻ ቀርቷል። የእሷ አሮጌ ስልክ ደግሞ ካርዱን በከተተች ቁጥር «አይነበብም፤ ፎርማት ይደረግ?» ይላታል።

በኢስማኢል የስልክ ጥገና ሱቅ በር ላይ የፈይሳ እህት ዱረቲ ትጠብቃት ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ ሐረጌ? ከስተሻል። ከዚህ ግማሹን ብሰጥሽ ሁለታችንም እንድን ነበር» አለቻት ሆዷን መታ መታ እያደረገች።

ኢስማኢል ካርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው ወዲያው ተከፈተ።

«ካርዱ ደህና ነው፣ ቲቸር። ትልቅ ስለሆነ በትልልቅ ብሎክ ነው የተከፋፈለው። የእርስዎ ስልክ ሲስተም የሚያውቀው ትንንሹን ብቻ ነው። በትንንሹ እንደገና ልከፋፍለው እችላለሁ፤ ግን ያኔ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሬ ልገልብጠው።»

«እስቲ አንዱን አሰማን» አለች ዱረቲ።

ኢስማኢል የዱረቲ ስም ካለባቸው ጥሪዎች አንዱን ከፈተ። ፈይሳ ዲጋ ገበያ መሃል ጭቃ አንሸራትቶት አለቃውን ይዞ እንዴት እንደወደቀ ለእህቱ በኦሮምኛ ይነግራታል። ወሬውን ሳይጨርስ ሳቁ ቀደመው። ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ፤ ሊቀጥል ሞከረ፤ እንደገና ሳቀ።

ሐረግወይን ይህን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። ከእሷ ጋር ፈይሳ ፈገግ ይል ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ሳቁን መንገድ ላይ ለእህቱ ጨርሶ ነበር ማለት ነው።

«ሁሌም እንዲህ እኮ ነው የሚስቀው» አለች ዱረቲ እንባዋን እየጠረገች። «አንቺማ ጠግበሽዋል።»

«አዎ» አለች ሐረግወይን።

ዱረቲ ስልክ ተደውሎላት ወጣ አለች። ኢስማኢል «ሁሉንም ልገልብጥ?» ሲል ጠየቀ። ሐረግወይን የዱረቲ ስም ስክሪኑ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ አየችው። የራሷ አልፎ አልፎ ነው።

«የእኔን ብቻ» አለችው።

«የእህትየውስ?»

«እሷ ጋ አለ።»

እንደሌለ ታውቃለች። ኢስማኢል ግን የቲቸርን ቃል አልተጠራጠረም። የእሷን ጥሪዎች ገለበጠ፤ ካርዱን እንደገና አዘጋጀው፤ መልሶ ጫነበትና ስልኳ ውስጥ ከተተላት። አሁን ስልኩ አልተቃወመም።

ቤቷ ገብታ አንድ በአንድ አዳመጠች። ዳቦ እንዲገዛ ትነግረዋለች፤ እሺ ይላል። ዝናብ ይዞት ጊዳ አያና እንደሚያድር ይነግራታል፤ በርሽን ዝጊ ይላታል። ረጋ ያለ፣ ደግ ድምፅ ነው። ሁሉንም ጨርሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። የምትፈልገውን ታውቀዋለች፤ የት እንደነበረም ታውቃለች።

እሑድ ዱረቲ ደወለች። «ያችን የጭቃዋን ላኪልኝ እስቲ። እናታችን ትስማት።»

ሐረግወይን ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች።

«ሐረጌ?»

«አልተገለበጠችም።»

ሰኞ ካርዱን መልሳ ወሰደችለት፤ ኢስማኢል የጠፉትን ጥሪዎች ለመመለስ በተለያየ ፕሮግራም ሞከረ፤ አልተመለሱም። የፈይሳ ድምፅ አለ። ሳቁ የለም።