የጋሽ ቀንሱ ኮርቻ

«ባርኔጣውስ?» አለች የልጅቷ አክስት፣ የሟች ወንድሟን ልብስ አልጋው ላይ እያጣጠፈች። «ኮቱ አለ፣ ከዘራው አለ፣ ሁለቱም ጫማ አለ። እሱ ደግሞ ያለ ባርኔጣ ከደጅ ወጥቶ ያውቃል?»

ልጅቷ ከወንበሯ አልተነሣችም። ሳሎን ውስጥ ለቅሶ ደራሾች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ፤ የሻይ ቴርሞሱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስኳሩ እያለቀ ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ ሐዘን ብቻ የሚተርፈው ይመስላል እንጂ ስኳር መግዛትም ይተርፈዋል።

«የሆነ ቦታ ረስቶት ይሆናላ» አለች ልጅቷ። «መርሳት ጀምሮት አልነበር?»

አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ባርኔጣውን ደፍቶ ይወጣል፣ ባዶ ራሱን ይመለሳል፣ ሰኞ ሄዶ ያመጣዋል። የት ረሳኸው ሲባል «አለ፣ የትም አይሄድ» ይላል። እሷ ነገሩ አሳስቧት አንድ ጊዜ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወስዳው ነበር። ሐኪሙ የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ ቁጠር ቢለው አንድም ሳይስት ቆጠረ፤ ሲወጣም የምርመራውን ዋጋ አስቀንሶ ወጣ።

አባቷ እንዲህ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ የውሃ ቆጣሪ እያነበበ ቤት ለቤት ዞሯል፤ ሰፈሩ ግን የሚያውቀው በቆጣሪው ሳይሆን በክርክሩ ነው። ከቲማቲም እስከ በር ቁልፍ ዋጋ ሳያስቀንስ የገዛው ነገር የለም። ልጅ አዋቂው «ጋሽ ቀንሱ» ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል።

ጡረታ በወጣ ሰሞን ከወፍጮ ቤት ጭነት ያደከማትን አንዲት ባዝራ ገዛ። «እሷም ጡረተኛ ናት፣ እንግባባለን» አለ። የሚቀመጥባት ብርድ ልብስ አጥፎ ጣል አድርጎ ነበር። አንድ ቀን ከነብርድ ልብሱ ተንሸራቶ ወድቆ፣ ክርኑን ታቅፎ ገባ። እዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከልጁ ጋር ተቀምጠው የኮርቻ በጀት አወጡ። ይኼን ያህል ከጡረታው፣ ይኼን ያህል ከእሷ ደሞዝ፤ ሥጋ ይቀንሳል፣ አዲስ መጋረጃ ይቆይ። እሷ የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት በካውያ ሸሚዝ ተኳሽ ናት። ለኮርቻው ብላ የትርፍ ሰዓት ገባች። ጫማዋን አስጠገነች፣ ያንኑ ጫማ መልሳ አስጠገነች። ዓመቱ ሲሞላ ጠየቀችው።

«አባዬ፣ አሁንስ አይበቃም?»

«ዋጋው ጨመረ» አለ።

በሚቀጥለውም ዓመት ጨመረ። ከዚያም ወዲያ ጨመረ። እሷም ጨመረችለት። አሁን አባቷ ሞቷል፤ ባዝራዋ ጓሮ ቆማለች፤ ብርድ ልብሱ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ከሁሉ ነገር የሚያንገበግባት ይኼ ነው፤ በዕድሜው አንዲት ነገር ተመኘ፣ እሷም ልትሞላለት አልቻለችም፣ ኮርቻ ላይ ሳይቀመጥ ሞተ።

«ባዝራዋን መሸጥ የምትፈልግ እንደሆነ ገዢ አለኝ» ሲል ሰማችው አንዱን ጎረቤት፣ ሳሎን ውስጥ በሹክሹክታ። «አሁን ማን ይጋልባታል?»

አክስቷ ባርኔጣ ስትፈልግ አልጋው ሥር ገብታ የቆጣሪ አንባቢነቱን አሮጌ ቦርሳ ጎትታ አወጣች። ከፈተችውና ልጅቷን ጠራቻት።

«ነይ እስቲ እዪ።»

ቦርሳው በገንዘብ ተሞልቷል። ልጅቷ ብሩን አየችው። እሷ በእጇ፣ እንደ ሸሚዝ ሦስት ቦታ አጥፋ የሰጠችው፣ እጥፋቱ እንኳ አልተፈታም። ለአንድ ኮርቻ ቀርቶ ለሁለት ይበቃል።

«ስስት ነው!» አለች አክስቷ፣ እያለቀሰች መሳቅ ጀምራ። «ወንድሜን አላውቀውም? ከእሱ ብር ከማውጣት ጥርስ መንቀል ይቀላል።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ወደ ጫማዋ አየች። በሙቀት የተላጡ ጣቶቿን አየች። መጀመሪያ ቀለላት፣ ለካ ያጎደለችበት ነገር አልነበረም፤ ከዚያ ንዴቱ መጣ። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ደግሞ ከሁሉ ድካም የባሰ ነው፤ የሚመልስልሽ የለም።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ደራሾቹ ሁሉ ወደ በሩ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ በትከሻቸው ኮርቻ ተሸክመው በሩ ላይ ቆመዋል። ቀይ ቡናማ፣ ስፌቱ የጥልፍ ያህል የደቀቀ፣ እርካቡ የሚያበራ። ኮርቻው ጫፍ ላይ የአባቷ ባርኔጣ ተንጠልጥሏል።

«ኮርቻ ሠሪው ነኝ» አሉ። «ዛሬ ነው የሰማሁት። ሰኞ ሲቀር አሞት ይሆናል ብዬ...» ኮርቻውን መሬት አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡና ከሥጋ ዘመድ አብልጠው አለቀሱ።

ባርኔጣውን ወንበር ላይ አድርጋ ሻይ ሰጠቻቸው። ሲረጋጉ ጎንበስ ብላ ጠየቀች፦ «ገንዘቡ እኮ ሞልቶ ነበር። ለምን አልሸጡለትም?»

«እኔ?» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ፣ ይኼ ኮርቻ ተሠርቶ ካለቀ አራት ዓመቱ ነው። ለባዝራዋ ጀርባ ለክቼ የሠራሁት ነው። አባትሽ ቅዳሜ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻይ አፈላለሁ። አምስት ሺህ ስል አራት ይላል። ስፌቱ ጠመመ ይላል፣ ቀለሙ ጠቆረ ይላል። እስኪመሽ ተከራክረን በመጨረሻ ‹እናያለን!› ብሎ ተቆጥቶ ይወጣል። ባርኔጣውን ጥሎ። ሰኞ ባርኔጣዬን ልውሰድ ብሎ ይመጣል፣ እንደገና እንጀምራለን።»

«አራት ሺህ አያዋጣዎትም ነበር?»

«ያዋጣኛል እንጂ። አንድ ቀን ሰለቸኝና ‹በቃ፣ ባልከው ውሰድ› አልኩት። ፊቱ ጠወለገ። ሻዩን ጨረሰና ‹በአራት ሺህ ከሰጠኸኝማ አንድ ጉድ አለበት› ብሎ ሄደ። ሁለት ቅዳሜ ቀረብኝ። እኔ ብቻዬን ነው የምውለው፤ ዛሬ ኮርቻ ማን ይገዛል? ሲመለስ ‹አምስት ሺህ› አልኩት። ደስ ብሎት ተቀመጠ።»

«እኔ እኮ ጫማ ሳልገዛ ነው ብሩን የሰጠሁት» አለች ልጅቷ። ይኼን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ነግሮኛል። ‹የልጄ ላብ ነው፣ በውድ አላወጣውም› ይል ነበር። ብሩን አይነካውም እንጂ ስለ እሱ ማውራት አይጠግብም።»

«ታዲያ ቅር ብሎት አልሞተም?»

«ኮርቻውን ቢፈልግማ ይወስደው ነበር» አሉ ሽማግሌው። «የሚፈልገው መምጣቱን ነው።»

ንዴቱ አልለቀቃትም። ግን ከንዴቱ ሥር አንድ ሌላ ነገር ተረጋጋ፤ አባቷ ተደስቶ ኖሯል፤ ለዚያ ደስታ የከፈለችው እሷ ናት። የትርፍ ሰዓቷ ሁሉ ለዚያ የቅዳሜ ሻይ ክፍያ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ውድ ነው፤ ቢሆንም ይሁን።

ሽማግሌው ኮርቻውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «በእሱ ዋጋ ውሰጂው። አራት ሺህ። በነፃ ብልሽ መቃብሩን ፈንቅሎ ይነሣብኛል።»

አክስቷ ቦርሳውን ለማምጣት ብድግ አለች። ልጅቷ በእጇ ያዘቻት። ኮርቻውን አገላብጣ አየችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ስፌቱ ጠመም ብሏል» አለች። «ሦስት ተኩል።»

«አንቺ ልጅ!» አለች አክስቷ። «ለቅሶ ቤት ነው እኮ!»

ኮርቻ ሠሪው አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። ከዚያ ጀርባቸው ቀና አለ።

«የቆዳውን እንኳ አይሸፍንም» አሉ። ተነሥተው ኮርቻውን ተሸከሙ። ወደ በሩ ሄዱ፤ ግን በጣም በዝግታ፣ መልሰው እስኪጠሩት እንደሚጠብቅ ሰው።

አልጠራቻቸውም። ባርኔጣውን ከወንበሩ አንስታ ተከተለቻቸው። የአጥሩ በር ላይ ስትደርስ ባርኔጣውን ኮርቻው ጫፍ ላይ አንጠለጠለችው።

«ቅዳሜ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለች።

«ከአምስት ሺህ አልወርድም።»

«እናያለን።»

ሽማግሌው መንገዱን ያዙ። መታጠፊያው ላይ ነፋስ ሲነሣ አንድ እጃቸውን ከኮርቻው አላቅቀው፣ እንዳይበር ባርኔጣውን ያዙት።