ባዶው ጋቢና

ካፒቴኑ ዳቦ ቤቱ ጋ ካለው መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ መኪናውን አቆመ። ግራውን ቃኘ። ቀኙን ግን አላየም። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንደጫነ ጆሮውን ወደ ባዶው ጋቢና ጣል አድርጎ ጠበቀ።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ከኋላ ወንበር ልብስ ሰፊው ጓደኛው። «አጃቢ እስኪመጣልህ ነው?»

«ዝም በል አንተ፤ መንገዱን እየሰማሁ ነው።»

«መንገድ ይታያል እንጂ ይሰማል እንዴ!»

ያን ጊዜ ድምፁ መጣ። ለስለስ ያለ፣ መጨረሻው ላይ ሰበር የሚል የሴት ድምፅ።

«ሂድ።»

ካፒቴኑ ፍሬኑን ለቀቀና ሄደ።

«ካፒቴን» የሚለው ቅጽል የወጣለት ከባድ መኪና በሚነዳበት ዘመን ነው። ከዚያ ሥራ ይዞት የወጣው ይኼን ስምና የደረቀ አንገት ነው። ወደ ግራ እንደ ምንም ብሎ ይዞራል፤ ወደ ቀኝ ግን አገጩ ፈቀቅ አይልም። ጡረታ ወጥቶ ይህችን ትንሽ መኪና ሲገዛ ባለቤቱ ጋቢና ገባችና «የቀኙን ለእኔ ተወው» አለችው። ከዚያ ወዲህ በየመታጠፊያው እሱ ግራውን፣ እሷ ቀኙን ተካፈሉ። መንገዱ ባዶ ሲሆን «ሂድ» ትለዋለች፤ ይሄዳል። ለልጆቻቸው አልነገሩም፤ የሰሙ ቀን ቁልፉን እንደሚነጥቋቸው ያውቃሉ። «አንድ አንገት ለሁለት ሰው» እያሉ ለብቻቸው ይሳሳቁ ነበር።

ባለፈው ክረምት እንደተኛች ልቧ ቀጥ አለ። ካፒቴኑ ከሐዘን ተነስቶ መኪናውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣ ዕለት መስቀለኛው ላይ ቆሞ የሚያደርገው ጠፋው። ድምፁን የሰማው ያን ጊዜ ነው። አልደነገጠም። እንዲያውም ደረቱ ሞቅ አለው። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢናው ላይ ሰው አስቀምጦ አያውቅም። ልብስ ሰፊውን እንኳ፣ ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት እግሩን መዘርጋት የሚገባውን ሰው፣ ከኋላ አጣጥፎ ነው ወደ ፊዚዮቴራፒ የሚያመላልሰው። ልብስ ሰፊው ሌላ የሚያደርሰው ዘመድ የለውም። ካፒቴኑ መንዳት ቢያቆም አንዱ ከቤቱ መውጣቱ ያበቃል፤ ሌላው ደግሞ ያንን ድምፅ ዳግመኛ አይሰማም።

የዚያን ዕለት ግን አስቀድመው ዓይን ክሊኒክ መግባት ነበረባቸው። ካፒቴኑ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ነውና የምርመራ ወረቀት ተጠይቋል። ክሊኒኩ ሊደርሱ አንድ መታጠፊያ ሲቀራቸው እንደገና ቆመ። እንደገና ድምፁ «ሂድ» ሲለው ሰማና ተንቀሳቀሰ።

ጓ! አለ ኮፈኑ።

አንድ ብስክሌተኛ በመዳፉ ኮፈኑን ተደግፎ፣ አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል።

«አባቴ፣ አያዩም እንዴ? ሊጨርሱኝ ነበር እኮ!»

ደህና መሆኑን አይቶ፣ እየተራገመ ሄደ።

«ከየት መጣ?» አለ ካፒቴኑ።

«ከቀኝ ነዋ! ደወሉን እያቃጨለ!»

«ሂድ ተብዬ እኮ ነው…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው። ልብስ ሰፊው ዓይናቸው በስፖኪዮው ውስጥ ሲገጣጠም ቶሎ አቀረቀረ።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ናት። ብርሃን አበራችበት፣ ፊደል አስቆጠረችው፣ አገጩን መሣሪያ ላይ አስደግፋ የምትጠቁመውን ነጥብ ሁሉ አስለየችው።

«አባባ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ዓይን ብዙ አላየሁም። እንደ ልብዎ ይንዱ» አለችና ፈረመች። አንገትዎን ያዙሩ ያለው ሰው የለም። «እማማስ እንዴት ናቸው? እርስዎ በር ላይ ያደርሷቸው ነበር፤ ቀጠሮ ሰጥቻቸው ቀሩብኝ።»

«ዐረፈች።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ነፍስ ይማር፤ አልሰማሁም። ቀኝ ዓይናቸውን ማትረፍ አለመቻሌ እስካሁን ይቆጨኛል።»

«የቀኙ ምን ሆኖ?»

«አልነገሩዎትም? ግላኮማ ነበር። እኔ ጋ ሲመጡ ቀኙ ጨርሶ ጠፍቷል፤ ግራው ፊት ለፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው። ‹ለባለቤቴ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ› ብለውኝ ነበር።»

«መቼ ነው እሱ?»

«ሁለት ዓመት ያልፈዋል።»

ካፒቴኑ ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ሁለት ዓመት። የትምህርት ቤቱ በር፣ የገበያው መታጠፊያ፣ የጭነት መኪናዎቹ አቋራጭ። በየአንዳንዱ ቆሟል፣ በየአንዳንዱ «ሂድ» ብላዋለች፣ ሄዷል። በጆሮዋ ትለይ ይሆን? በግምት? ወይስ እየጠበቃት ስለሆነ ብቻ ነበር የምትለው? ያን ሁሉ ጊዜ ቀኙን የሚያይ ማንም አልነበረም።

መኪናው የክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አፍንጫውን ወደ ግንቡ አስጠግቶ ቆሟል። ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩን አላስነሳም። ከኋላ ልብስ ሰፊው ጉልበቱን እያሸ «አለፍክ ወደቅክ?» አለው።

«አለፍኩ።»

ግቢው ጭር ብሏል። ግንቡ ከኮፈኑ አንድ ክንድ አይርቅም።

«ሂድ።»

የካፒቴኑ እጅ መሪው ላይ ደረቀ።

«ሂድ» አለ ድምፁ ደግሞ፣ በዚያው ልስላሴ።

«ሰማህ?» አለ ካፒቴኑ በሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ማሸት ተወ። «ሰማሁ እንጂ። ሁልጊዜም እሰማለሁ።»

«ድምጿን ለየኸው?»

«ድምፁስ የእሷ ነው። አፉ ግን ያንተ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«አንተ ነህ እኮ የምትለው፣ ወንድሜ። ከንፈርህን በስፖኪዮው አየዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ፀጉሬ ቆሟል። ኋላ ሐዘን ነው፣ ይውጣለት ብዬ ተውኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ብናገር ማን ያመላልሰኛል ብዬም ፈርቻለሁ። ደግሞ ቀኙን በዓይንህ ጠርዝ እያየህ የምትል መስሎኝ ነበር።»

ካፒቴኑ ስፖኪዮውን ወደ ራሱ አዞረ። ከንፈሩ በመጠኑ ተከፍቷል፤ አንድ ቃል ገና ተናግሮ ያልዘጋ አፍ ይመስላል። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቁልፉን ነቀለ፣ የተፈረመውን ወረቀት ጋቢናው ወንበር ላይ አስቀመጠና በሩን ከፈተ።

«ውረድ። ታክሲ ከመንገዱ ማዶ አለ።»

«በዚህ ጉልበት?»

«እኔን ተደገፍ። አንተ ቀኙን ታይልኛለህ።»

«ይኼማ ምን ችግር አለው! እኔ እኮ እስካሁን ያለመነጽር መርፌ ውስጥ ክር የማስገባ ሰው ነኝ» አለ ልብስ ሰፊው። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረበት።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከግቢው ወጡና መንገዱ ዳር ቆሙ። ካፒቴኑ እጁን አንስቶ አፉን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ሂድ።»

ከኋላቸው ነው፣ ከግቢው በኩል። የልብስ ሰፊው ጣቶች ክንዱ ላይ ተሰኩ። የካፒቴኑ መዳፍ ከአፉ አልተነሳም፤ ከንፈሩም ከሥሩ አልተንቀሳቀሰም። እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

ካፒቴኑ አንገቱን ለማዞር አልሞከረም። እግሩን አንስቶ፣ መላ ሰውነቱን ወደ ቀኝ አዞረ። አንድ አውቶቡስ ያን ጊዜ ከቀኝ መጥቶ አለፈ፤ ንፋሱ የኮቱን ጫፍ አንስቶ ጣለው። ከጀርባው ሌላ መኪና፣ ከዚያም ሌላ መጣ። ሁሉም እስኪያልፉና አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ እስኪሆን እንደ ዞረ ቆመ።

«እንሻገር» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሌላውን ቃል ላለመጥራት እየተጠነቀቀ።