ለባንቺአየሁ የተጫነ ጀላቲ

ዳኛውን ለዚህ ሁሉ ጣጣ የዳረገው የገዛ አፉ ነው። ሌላው ነጋዴ ማርና ቆዳውን ጎንደር ሸጦ ሲመለስ ስለ ገበያው ያወራል፤ ቢበዛ የተጣላውን ሰው ያማል። ዳኛው ግን አይከል ቤቱ ገብቶ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ያልገባ አንድ ጣልያን ፒያሳ ላይ ስለሚሸጠው ነገር ለሚስቱ ይተርክላት ጀመር።

«በረዶ ነው፤ ግን ይጣፍጣል። ወተት ነው፤ ግን በማንኪያ እየቆረስሽ ትበዪዋለሽ። አፍሽ ውስጥ ሲገባ ደግሞ የለም!»

«ስሙ ማነው?» አለች ባንቺአየሁ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ።

«ጀላቲ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ባንቺአየሁ ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ቀናቸው ሳይደርስ ጨንግፈዋል። ይህኛው ስድስተኛ ወሩን ይዟል፤ ይህን ያህል የቆየላት እሱ ብቻ ነው። ነገር ግን የቀመሰችው እህል ሁሉ ይመለስባታል፤ ከስታ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ያቺ ሴት ከስንት ጊዜ በኋላ ምራቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እሱን ብቀምስ» አለች።

እናቷ ወይዘሮ እንኳየሁ ከጓዳ ሰሙ። እሳቸው በአምሮት አይቀልዱም። ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች ጽንሱ አይጸናም ተብሎ፣ ባላንጣ ጎረቤት እንኳ የወጡ ሽታ እርጉዝ ቤት ከደረሰ በጭልፋ ቆንጥሮ የሚልክበት አገር ነው።

«አያ ዳኛው፣» አሉ፤ አማች ነውና አንቱ ነው የሚሉት፤ «አፍዎን ከከፈቱ እጅዎንም ይዘርጉ። ያማራትን ያምጡላት።»

«እሷን ብወስዳትስ?»

«በዚያ መንገድ? በዚያ ማኪና ላይ? ይኸንንም መንገድ ላይ ሊያስቀሩብን ነው?»

እውነታቸውን ነው። ያ መንገድ እንኳን ነፍሰ ጡር ጎረምሳም ያስወርዳል። እሷ ወደ ጀላቲው መሄድ ካልቻለች ጀላቲው ወደ እሷ መምጣት አለበት።

ዳኛው በሳምንቱ ጎንደር ሄደና ጀላቲውን በጣሳ አስሞልቶ፣ ጣሳውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ፣ ነጋ በሚነዳው የጭነት መኪና ከእህሉ ጆንያ ላይ ተፈናጠጠ። አዘዞን ሳያልፉ ጣሳው መንጠባጠብ ጀመረ። ዳኛው ደግሞ አላስችል ብሎት፣ «አለ ወይስ የለም» እያለ በየዳገቱ ይከፍተዋል። አይከል ሲደርስ የቀረው ዝንብ የሰጠመበት ጣፋጭ ወተት ነበር። ባንቺአየሁ አሸተተችው፤ አስመለሳት።

«ይኸማ ወተት ነው» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልተቆጣችም። ብትቆጣው በስንት ጣዕሙ!

ከዚያ ወዲያ ያልመከረው አልነበረም። አንዱ በቅል አድርገው አለው፤ ሌላው ጭድ ውስጥ ቅበረው አለው። እሱም የሰማውን ሁሉ ሊሞክር ቆረጠ። ወለቃ ድረስ ሄዶ ከሸክላ ሠሪዋ ከትርንጎ አዲስ ማሰሮ ገዛ።

«በረዶ ይይዝልኛል?» ብሎ ጠየቃት።

«ውኃ ያቀዘቅዛል» አለችው እጇን እየጠረገች። «በረዶ ይዤ አላውቅም ወንድሜ። ከሰማይ የወረደውንስ ማን ይዞት ያውቃል?»

ማሰሮውን ታቅፎ ፒያሳ ሲደርስ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ክርስቲያኑ ወተት በማይቀምስበት ወራት ጀላቲ ማን ይገዛል? ጣልያኑ ዕቃውን አጥቦ ደፍቶታል።

«ጾም! ጀላቲ የለም! ለገና ና!» አለው።

እስከ ገና! ዳኛው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። አገሩ የሚያውቀው አንድ ልመና ነው፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አነሣ፣ ማጅራቱ ላይ አደረገና እግሩ ላይ ሊወድቅ ወደ ሰውዬው ተራመደ። ጣልያኑ ይህን ያህል ዓመት ጎንደር ኖሮ የድንጋይ ምልጃ አላየም ኖሯል፤ ሊፈነክተኝ ነው ብሎ በሩን ጠረቀመው። ዳኛው ከነድንጋዩ ከደጁ ተደፋ። አላፊ አግዳሚው ተሰብስቦ ግማሹ ሲስቅ ግማሹ ጮሆ እስኪያስረዳለት ድረስ እዚያው ፊቱን አፈር ላይ አድርጎ ቆየ። የሚስቀውን ሰው ቀና ብሎ ለማየት እንኳ አቅም አልነበረውም።

ጣልያኑ በመጨረሻ ገባው። ሰው ነውና አዘነ። ወተቱን ትቶ በሎሚና በስኳር የጾም ጀላቲ ሠራለት፤ በትንሽ ጣሳ አድርጎ ማሰሮው ውስጥ አስቀመጠና ዙሪያውን በረዶ ጠቀጠቀበት። ዳኛው በላዩ ጭድ ጎሰጎሰ፣ አፉን በጨርቅ አሰረ፣ ቤቱ እስኪገባ ላይከፍተው ማለ። ከአንዱ ስህተት ተምሯል።

መኪናው ጋ ሲደርስ ነጋ፣ «ምንድን ነው?» አለው።

«ለነፍሰ ጡር ነው። አምሯት።»

«ለነፍሰ ጡር! ታዲያ ምነው ከጆንያ ጋር ትጭነዋለህ? ጋቢና ይግባ እንጂ!»

ጋቢና የክቡር ሰው ቦታ ነው። ተቀምጠውበት የነበሩት ሽማግሌ፣ አያ ፈጠነ፣ ነገሩን ሲሰሙ በትራቸውን ይዘው ወረዱ፤ በስተርጅና ጆንያ ላይ ወጡ። «ማርያም ትቅረባት» አሉ፤ ከላይ ያለው መንገደኛ ሁሉ «አሜን» አለ። ማሰሮው ከዳኛው እግር ሥር፣ ከብረቱ ወለል ላይ በክብር ተቀመጠ። ዳኛው ያን ሰዓት ደስ አለው። ዓለም ሁሉ ለባንቺአየሁ የቆመላት መሰለው።

የጭልጋን ዳገት ሲይዙ መኪናው ያቃስት ጀመር። ዳኛው የጫማው ሶል ሲሞቅ ተሰማው። ቀዝቃዛ ነገር እግሬ ሥር ስላለ ነው የሚሞቀኝ ብሎ ራሱን ሸነገለ። ቆይቶ ግን እግሩን ማሳረፍ አቃተው።

«ነጋ፣ ከዚህ ሥር ምንድን ነው ያለው?»

«ሞተሩ ነዋ!» አለ ነጋ፤ ብሎም አልጨረሰ፣ ፍሬኑን ረገጠ።

ማሰሮውን አውርደው መንገዱ ዳር ፈቱት። ጭዱ ርሷል። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ በጣሳው ውስጥ የሎሚ ልጣጭ ይንሳፈፋል። መንገደኛው አንድ በአንድ እየወረደ አየ። ኋላ ጎንደር ሩቅ ነው፤ ፊት ያለው አይከል ነው። ነጋ ጭንቅላቱን ያዘ። አያ ፈጠነ፣ «እኔው በተቀመጥኩ» ብለው እንባቸው መጣ። ዳኛው ጣሳውን አውጥቶ፣ ሊጥለውም አልሆነለት፣ በጉልበቱና በጉልበቱ መካከል ይዞት ሄደ።

አመሻሽ ላይ ቤቱ ሲደርስ ሴቶች ይወጣሉ ይገባሉ። ምጥ በማይመጣበት ወር መጥቷል። ወንድ አይገባምና ከደጅ አቆሙት። ወይዘሮ እንኳየሁ ብቅ ብለው፣ «አመጡላት?» አሉ።

ጣሳውን ዘረጋላቸው። ወደ ውስጥ አዩ፤ ቀና ብለው እሱን አዩት። ሆድ ይፍጀው ብለው ይዘውት ገቡ።

ዳኛው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ እልልታ ይጠብቅ ጀመር። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ሦስትም ይበቃው ነበር። ኧረ አንድም! ጎረቤቱም ጆሮውን ጥሎ ነበር፤ ማንም ምንም አልሰማም።

አማቱ ወጥተው ከአጠገቡ ቁጭ አሉ።

«ባንቺአየሁ ተርፋለች» አሉት።

የልጁን ነገር ከዚሁ ቃል ተረዳው። 

ሲፈቅዱለት ገባ። ጣሳው ባዶውን ከመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ባንቺአየሁ ገርጥታለች፤ ላብዋ አልደረቀም። ከአጠገቧ ቁጢጥ ብሎ እጇን ያዘ፤ ይቅርታ ሊላት ነበር የገባው። የጣሳው ሙቀት እስካሁን ከጉልበቱ አልወጣም፤ ያጠጧት ነገር የእግር መታጠቢያ ያህል ለብ ያለ እንደነበር ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«ቀዝቃዛ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ሸጋ ነው። ደርሶልኛል።»

ዳኛው አያት። ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም፤ እንዲያምናት ትጠብቃለች።

«በረዶ አይደል?» አላት፤ ሌላ የሚሰጣት ነገር አልነበረውም።