አመድማው ግድግዳ

ጽጌ ግድግዳዋን አመድማ መቀባት ያማራት ከአንድ የግሪክ ነጋዴ ሱቅ ስትመለስ ነው። የሱቁ ግድግዳ ደመና የመሰለ፣ ዐይን የሚያሳርፍ ነበር። የእሷ ቤት መደቡ በቀይ አፈር የተለቀለቀ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ዙሪያውን የዳቦ ቅርፊት መልክ ያለው ጭቃ። ቤቱ ሞቅ ያለ ነው፤ ክረምት ሲገባና በር ተዘግቶ ሲዋል ግን ያፍናታል።

ቤቱ ከተማውን ከከበበው ግንብ ውስጥ ነው፤ ሸዋ በር ከሚባለው መግቢያ እምብዛም አይርቅም። ያከራዩአቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሰዐዲያ ናቸው። ባሏ አባይነህ የጉምሩክ ዘበኛ ሆኖ ወደ ጅጅጋ ከወረደ ሰነባብቷል፤ ወሬውም ከጠፋ ቆይቷል። እቤት የቀሩት እሷ፣ ገና ዳዴ የሚለው ልጇ እንደሻውና አማቷ እማማ ለተማርያም ናቸው።

ሰዐዲያ ሲጠየቁ ሳቁ። «መደቡን አትንኪብኝ እንጂ ግድግዳውን እንዳሻሽ አድርጊው።»

አማቷ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ባልሽ መንገድ ላይ ሳለ ቤቱን አመድ ታለብሺዋለሽ? አመድ የሚነሰነስ ለሐዘን ነው!»

«ኖራም እኮ አለበት፣ እማማ።»

አማቷ አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ።

ጽጌ አመዱን ነፍታ ከኖራና ከነጭ አፈር ጋር ለወሰችና ጓሮ በኩል ያለውን አንዱን ግድግዳ ብቻ ቀባች። የቀሩትን አልነካቻቸውም። ሲደርቅ የርግብ ላባ መሰለ፤ አጠገቡ ያለው የድሮው ጭቃም ከበፊቱ ይልቅ ወርቅማ ሆኖ ታያት። ደስ አላት።

ከልጁ መኝታ በላይ ግን መዳፍ የምታህል ቦታ ጠቁራ ቀረች።

በደንብ ሳላማስለው ቀርቼ ይሆናል ብላ ደግማ ቀባችው። በማግስቱ ጥቁረቱ ሰፍቶ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ጥላ መስሎ ጠበቃት። እጇን ልታሳርፍበት ፈለገች፤ አልደፈረችም። አባይነህ አንድ ነገር ሆኖ ይሆን? እኔው በገዛ እጄ ጠርቼበት ይሆን? አማቷ እንዳያዩት ነጠላዋን በምስማር ሰቀለችበት። ከዚያ ወዲያ እህል ከአፏ አልገባ አለ። ዝናቡ በመጣ ቁጥር ከነጠላው ኋላ አሸዋ የሚንሸራተት የመሰለ ድምፅ ትሰማለች፤ ዘወር ስትል ዝም ይላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው፣ እማማ ለተማርያም ተነሥተው ነጠላውን ገለጡት። ጥላው ግድግዳውን አጋምሶታል።

«ልጄን!» ብለው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። «ልጄን በላሽው!»

ጽጌ በዝናቡ ውስጥ ሮጣ የሰዐዲያን በር ደበደበች። «እትዬ፣ ይድረሱልን! ግድግዳው ላይ የሆነ ነገር መጥቶብናል!»

ሰዐዲያ ሻሻቸውን እያሰሩ ተከተሏት። ገብተው ጥላውን ሲያዩ «ቢስሚላሂ» አሉና አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። ጣታቸው ያለ ምንም ችግር ሰመጠ። ሲያወጡት ከቀዳዳው ውሃ ተንዠቀዠቀ።

«ልጁን አንሺ!» ብለው ጮኹ። «ቶሎ በይ፣ አንቺ ልጅ!»

ጽጌ እንደሻውን ከነመኝታው አፈፍ አደረገችው። አማቷ ግን መስቀላቸውን ጨብጠው አልነሣም አሉ። «የልጄ ቤት ነው! ከዚህ የት እሄዳለሁ?»

«ልጅዎ ሲመጣ እርስዎን ከድንጋይ ሥር ቆፍሮ ያውጣዎት?» ሰዐዲያ በብብታቸው ይዘው ጎተቷቸው። ደጁን እንዳለፉ ከበስተኋላቸው ቤቱ አቃሰተ፤ ግድግዳው ከወገቡ ተቆርጦ ድንጋዩ ከነጭቃው ልጁ ተኝቶበት በነበረው ቦታ ላይ ተናደ።

ጽጌ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ልጁ ሲያለቅስ እንኳ ማባበል አቃታት።

ዝናቡ ሲያባራ ነገሩ ታወቀ። በጓሮው ጠባብ መንገድ የሚወርደው ቦይ በፍርስራሽ ተደፍኖ፣ ውሃው ክረምቱን ሙሉ ግድግዳውን ከውስጥ ሲያርሰው ኖሯል። «በድሮው ጭቃ ቢሆን እርጥበቱ መች ይታየን ነበር» አሉ ሰዐዲያ። «አልሐምዱሊላህ፣ በአመዱ ላይ አየነው።»

ቤታቸው እስኪጠገን ሰዐዲያ ዘንድ ተጠጉ። አባይነህ መስከረም ሲጠባ ከስቶ፣ ግን በደኅና ገባ፤ አማቷ አንገቱን አቅፈው ሲያለቅሱ ዋሉ። እሱም ቦዩን አስጠርጎ ግድግዳውን አዲስ አስካበ።

«እንግዲህ ምን እንቀባው?» አላት ሥራው ሲያልቅ።

ጽጌ እናቱን አየች።

«እኔን ምን ታዪኛለሽ?» አሉ እማማ ለተማርያም ቆጣ ብለው። «ያማረሽን ቀቢ። አመዱን ግን እኔ አልነፋልሽም።»

አመድማ ቀባችው። ሁሉም አማረ አሉ። እሷ ግን የልጁን መኝታ በር አጠገብ ወስዳ አነጠፈችው፤ ሰማይ ያጉረመረመ ቀን ሁሉ ልጇን ታቅፋ ከደጃፉ ላይ ቆማ ዝናቡ እስኪያባራ ትጠብቃለች።