የቲቸር አሳሬ ዲክቴሽን

«ጋና ደብዳቤ ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ፣ ንፍሮውን ከመዳፋቸው እየለቀሙ።

«እንጃ እትዬ። እህቱ ሳትሰማ አርባው ይወጣ ይሆናል» አለች ጥሩወርቅ።

ባሏ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሰፈሩ እድር የውጭ አገር ሰው ነው ሳይል ድንኳን ተክሎለታል። ኩዌሲ አሳሬ እንግሊዝኛ ሊያስተምር አዋሳ ሲመጣ በአገሩ ሁለት ልቦለድ ያሳተመ ደራሲ ነበር። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

«እዚህስ አልጻፈም?» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ።

ጽፎ ነበር። ያቃጠለችው ራሷ ጥሩወርቅ ናት።

በ1970 የደርግ የቤት ለቤት ፍተሻ ከላይኛው ቤት ሲጀምር እሱ ትምህርት ቤት ነበር። ጠረጴዛው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በቀይ ቀለም የተሰራረዘ ሰማንያ ገጽ ተቀምጧል። ምን እንደሚል ለማን ታስረዳለች? ምድጃ ውስጥ ከተተችው። ፈታሾቹ ሲገቡ ሽሮ ታማስል ነበር። ኩዌሲ መጥቶ አመዱን አየና፣ «ሰው ካልተቃጠለ ይበቃል» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ ልቦለድም ዳግመኛ አልጻፈም። ሰባት ዓመት ሙሉ የተማሪ ደብተር ብቻ ሲያርም፣ እሷ ዝምታውን እንደ ወቀሳ ስትቆጥረው ኖረች።

«አንድ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ስለ አባቱ ነው፤ ሰው በጀልባ ያሻግሩ ነበር። 'አባቴ ስሙን ያልነገረውን ሰው ወንዝ አያሻግርም ነበር' ብሎ ይጀምራል።»

አግዳሚው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ሙክታር ቀና አለ። እዚያው አዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ከአባቱ ጋር ሱቅ የሚሠራ የኩዌሲ የድሮ ተማሪ ነው።

«ይቺንማ አውቃታለሁ» አለ። «ዲክቴሽን ናት። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እያነበበ ያጽፈን ነበር።»

«የራሱ መሆኑን ነግሯችኋል?» አለች ጥሩወርቅ።

«ኧረ እኛ የመማሪያ መጽሐፍ መስሎን።»

«ደብተሩስ?»

የሙክታር ፊት ተለወጠ። «አባባ በድሮ ደብተር ስኳር ይጠቀልላሉ» አለና ጫማውን በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ።

በማግስቱ፣ በሠልስቱ፣ በሲባጎ የታሰሩ አራት ደብተሮች ይዞ መጣ።

«የመጨረሻው ግማሹ ስኳር ይዞ ሄዷል» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ግን አብራን የተማረችው ትዕግሥት አለች፣ ቡሹሎ ጤና ጣቢያ የምትሠራው። እሷ እንኳን ደብተር የእርሳስ ቁራጭ አትጥልም። ልኬባታለሁ።»

ጥሩወርቅ ደብተሩን ገለጠች። የኩዌሲ ቀይ ቀለም በየገጹ አለ።

«ለምን አልነገረኝም?»

«ያኔ በፍተሻው ጊዜ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን እትዬ። አርባ ሁለት ልጅ ይህን በደብተሩ ይዟል። ወሬው አንዴ ከወጣ የማን ቤት ሳይፈተሽ ይቀር ነበር?»

አርባ ሁለት ቤት። ሰው ካልተቃጠለ ይበቃል። ዝምታው ለካ ወቀሳ አልነበረም። ጥሩወርቅ በቀዩ ቀለም ላይ ጣቷን አስኬደች።

«ይሄ ከታች የጻፈው ምንድን ነው?»

ሙክታር በስህተቶቹ በተሞላው ገጽ ላይ ጎንበስ ብሎ አነበበና አፈረ። «'ሙክታር፣ ጀልባዋን አሰጠምካት' ይላል።»

ሳቅ አመለጣት። ወይዘሮ ወርቅነሽ ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ቆይተው ወይዘሮ ወርቅነሽ ለሻይ የከሰል ምድጃ ይዘው ገቡና አጠገቧ አስቀመጡ። ጥሩወርቅ ደብተሮቹን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነቻቸው።

«እትዬ፣ እሳቱን ትንሽ ራቅ ያድርጉልኝ» አለች።